ነፋስ የገፋው ድንበር

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትገኝ፣ ቅዱስ ኒኮላ ጀልባዬን በጠራራ ፀሐይ፣ ወደብ ውስጥ እንደታሰረች፣ ነፋስ በሌለበት ያስምጣት። ከዚህ በላይ መሐላ አላውቅም። እኔ ኩዝማ ዶሮቲች የምናገረው ያየሁትን ነው። ያላየሁትን ደግሞ አባቴ አይቶታል። አባቴ ያላየው ነገር በዚህ ባሕር ላይ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩን የቀሰቀሰው የዘንድሮው የቅዱስ ኒኮላ በዓል ነው። እንደ ልማዳችን ያረጀችውን ጀልባ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት አቃጥለን፣ ፍሙን ከብበን፣ ሰርዲን እየጠበስን ወይን ጠጅ እንጠጣ ነበር። ታዲያ ባሕሩ መካከል፣ ግሉሂ የሚባለው ድንጋይ ላይ ያለውን የመብራት ማማ በጋ በጋ ለጀርመኖች የሚያከራየው ጎረምሳ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እዚያ ያለው ሰላም! የድሮዎቹ ጠባቂዎች እንዴት ያለ የተባረከ ኑሮ ኖረዋል!» አለ።

ሰላም! ግሉሂ ላይ! ደሜ ፈላ። በርሜል ላይ ወጣሁና የሚከተለውን ነገርኳቸው።

ስሙኝ፣ እናንተ እግራችሁን ሳታርሱ ባሕርተኛ የሆናችሁ። አባቶቻችን ያንን ድንጋይ ግሉሂ፣ ደንቆሮው፣ ብለው የሰየሙት ለቀልድ አይደለም። እዚያ ላይ ቆመህ ሳንባህ እስኪቀደድ ብትጮህ የሚሰማህ የለም። እንኳን ሰው፣ እግዚአብሔርም የሚሰማው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባሕሩ ከተኛ። ክረምት ሲገባ ማዕበሉ ከማማው ጫፍ በላይ ይሄዳል። ዓሣ አናጠምድም ነበር። በጭስ ማውጫው እየገባ ድስታችን ውስጥ ይወድቅልናል፤ የኛ ሥራ ክዳን ማንሣት ነው። አንተ ምን ያስቅሃል? እናቴ አንድ ጊዜ ድስቱን ረስታ ከድናው ብታድር፣ ጠዋት ዓሦቹ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ሲጠብቁ አገኘናቸው።

ማማውን ያሠራው የቪየናው ንጉሠ ነገሥት ነው። ለአንድ መብራት ሁለት ቤተሰብ ሾመ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው እንዲጠብቅ። አንዱ የኛ የዶሮቲቾች፣ ሁለተኛው የግሬጌቶች። ንጉሠ ነገሥቱ ብልህ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ ግን እላለሁ፣ ብልህ ቢሆን ኖሮ ዶሮቲችንና ግሬጌትን አንድ ጣሪያ ሥር አያስገባም። ከዚያ ወዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ሄደ፣ ጣልያኖች መጡ፣ እነሱም ሄዱ፣ ጀርመን መጣ፣ በመጨረሻ ጓዶቹ መጡ። በማማው ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ተለዋወጠ። ጠባቂነቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ወረደ፤ ጠቡም አብሮት ወረደ።

የጠቡ መነሻ አፈር ነው።

ግሉሂ ላይ አፈር የለም። ድንጋይ፣ ጨውና የወፍ ኩስ ብቻ ነው። አያቴ ከዚህ ከደሴቱ በጆንያ እያስጫነች አፈር ወሰደች። እንዴት ያለች ሴት መሰለቻችሁ! ሙሉ ጆንያ በያንዳንዱ ብብቷ፣ አንዱን በጥርሷ! የዚህን ደሴት አናት የላጨችው እሷ ናት። የወይናችሁ ጠጅ እስከ ዛሬ የጎመዘዘውም ምርጡ አፈር እዚያ ስለቀረ ነው። አፈሩን ከቤቱ በስተሰሜን፣ በኛ በኩል፣ አልብሳ ጎመንና ሽንኩርት ዘራችበት። ግሬጌቶች ቀኑ። እነሱም ከየትም ለቃቅመው በደቡብ በኩል አለበሱ። በመካከል በኖራ መስመር ተሰመረ። ድንበር ማለት ነው።

ድንበሩን ሰው ቢያከብረው ነፋስ አላከበረውም። ቡራ ከሰሜን ሲነሣ የኛን አፈር ጠርጎ ወደ ግሬጌቶች ያሻግረዋል። ዩጎ ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ የእነሱን ከነጎመኑ ወደኛ ያመጣዋል። ይሄ እንግዲህ ፍርድ ነበር፤ ነገር ግን ቡራ ጉልበታም ነው፣ ዩጎ ሰነፍ። ስለዚህ በየክረምቱ መሬታችን ይቀነሳል፣ የእነሱ ይወፍራል። ሌላ አገር ድንበር የሚገፋው ጎረቤት ነው። እኛን ግን የሚገፋን ሰማይ ነው። ማንን ትከሳለህ? እነሱ ቤት ለቡራ ሻማ ይበራል፣ እኛ ቤት ለዩጎ። አንድ ዓመት ሁለቱም ጸሎት እኩል ደርሶ ሁለቱም ነፋስ ባንድ ቀን ቢነሣ፣ አፈሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እናቴ መሰላል አቁማ ነው ሽንኩርት የነቀለችው።

ቡራው ጋብ ሲል እናቴ ዶብሪላ መጥረጊያዋን ይዛ መስመሩ ላይ ትቆማለች። ከወዲያ የፕሮስፔር ግሬጌት ሚስት ፊሎሜና ወገቧን ይዛ ትወጣለች።

«ፊሎሜና፣ አፈሬን መልሺ!»

«ስምሽን ጽፈሽበታል እንዴ?»

«ሽታውን አውቀዋለሁ። የኔ አፈር ሰው ሰው ይሸታል።»

«እሱስ እውነት ነው፤ ታጥበሽ ስለማታውቂ።»

«ነይ እስቲ መስመሩን እለፊ! ነይና ጎመንሽን አፍሽ ውስጥ ነው የምዘራልሽ!»

«አፌ ውስጥ ቢዘራ ይበቅላል። አንቺ ጋ ግን ድንጋይም ይደርቃል!»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሜ አልደግመውም። ያለፈች የእንፋሎት መርከብ ሠራተኞች ግን ሰምተው ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

ወንዶቹ ደግሞ አይነጋገሩም ነበር። አባቴ ባልዶና ፕሮስፔር ግሬጌት ዕድሜ ልካቸውን ባንድ ማማ ላይ ተራ እየገቡ አንድም ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ተራው ያበቃው የደረጃውን ብረት በቁልፍ ይመታል፣ ተረካቢው ይወጣል፣ ደረጃው ላይ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፣ በቃ። የግድ የሚነገር ነገር ከመጣ የሚያናግሩት ባሕሩን ነው።

«አንተ ባሕር» ይላል አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ፣ «ከኋላዬ የቆመው አህያ የመስታወቱን መወልወያ አርጥቦ እንደተወው ንገርልኝ።»

«አንተ ባሕር» ይላል ፕሮስፔር፣ «ባለፈው መወልወያው ላይ የተናፈጠው ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ። አህያስ እንዲህ አያደርግም።»

«ባሕር ሆይ፣ ይሄ ሰውዬ ስለ አህያ ብዙ ያውቃል። ዘመድ ነው?»

«በጋብቻ አይደለም በለው። የዶሮቲችን ሴት ልጅ ማን ያገባል?»

ባሕሩም ይሰለቸውና ሁለቱንም በማዕበል ይመታቸዋል።

እንዲህ ተናክሰን በምንኖር ሰዎች ላይ አንድ ቀን ወሬ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ግሉሂ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊተክል ነው፤ ሞተር ካለ አንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚወርድ ይወስናል።

እዚህ ላይ አላጋንንም። ከግሉሂ ብንወርድ መግቢያ አልነበረንም። ወንዱ አያቴ፣ ዕድሜ ልካችን ማማው አለን ብሎ፣ የደሴቱን ቤት ለወንድሙ ለቆለት ነበር። የወንድሙ ልጆች ደግሞ እንኳን ቤት ሰላምታም አይሰጡንም። ከኔ በታች እነዚያ ሁሉ ታናናሾች አሉ። እናቴ ምግብ እያማሰለች ድንገት ማንኪያውን ታቆምና ግድግዳውን ታያለች። አባቴ ጢሙን መላጨት ተወ። ግሬጌቶች ወይ እኛ፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት የሞላኝ፣ በሬ በቡጢ የምጥል ጎረምሳ ነበርኩ፤ ግን ማንን ልምታ?

ተቆጣጣሪው በበጋ፣ ረፋድ ላይ መጣ። የሣር ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰው ነው። ጀልባዋ በሱ ክብደት ወደ ኋላ አጋድላ አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ ነበር የመጣችው። ባሕር አዙሮት ፊቱ አረንጓዴ ሆኗል። ሁለቱ ሴቶች ግን ምሳ ደግሰው ጠበቁት። የማን ቤት ይብላ? ጠረጴዛና ወንበሩን መስመሩ ላይ አስቀመጥንለት። ሁለት የወንበር እግር በኛ፣ ሁለት በእነሱ። እናቴ ኦክቶፐስ በድንች አቀረበች፣ ፊሎሜና ዓሣ ጠብሳ አቀረበች።

«ጓድ ተቆጣጣሪ፣ ይብሉልኝ» አለች እናቴ፣ «ያንን ዓሣ ግን ባይነኩት ይሻላል። የሚያጥቡበትን ውሃ አይቻለሁ።»

«ጓድ ተቆጣጣሪ» አለች ፊሎሜና፣ «ኦክቶፐሱን አይፍሩት። ስምንቱም እግሩ የጠነከረው ከእነሱ ድስት ሊያመልጥ ሲሮጥ ነው።»

«እኛ ጓድ ተቆጣጣሪ፣ መብራቱ አንድ ቀን እንኳ በኛ ተራ ጠፍቶ አያውቅም!»

«እንዴት ይጠፋል? ባሏ ሲተኛ ባሌ እየወጣ ያበራዋል!»

«ውሸታም!»

«ሌባ! አፈር ሌባ!»

ሰውዬው በቀኙ አንድ ጉርሻ፣ በግራው አንድ ጉርሻ እያለ፣ የማንን ካስቀደመ ማን እንደሚወጋው እየሰጋ በላ። ላቡ ሳህኑ ውስጥ ሲንጠባጠብ ጨው ሳይቀር አጣፈጠለት። የፕሮስፔር ልጅ ፔሪና፣ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ፊቷን የቋጠረች ልጅ፣ በራቸው ላይ ቆማ በዓይኗ ስትወጋኝ ነበር። እኔም መልሼ ወጋኋት። ዓይናችን መስመሩ ላይ ሲጋጭ ብልጭታ ወጥቷል፤ የጠረጴዛው ልብስ ላይ የተቃጠለው ቦታ እስከ ቅርብ ጊዜ ነበረ።

ከምሳ በኋላ «ማማውን ልየው» አለ። አባቴ፣ ፕሮስፔር፣ ተቆጣጣሪውና እኔ ወጣን።

ማማ ላይ ወጥታችሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። እዚያ ያለው መስታወት ትልቅ ነው። የትልቅ ትልቅ፤ ውስጡ ሠርግ መደገስ ይቻላል። ክብደቱ የትየለሌ ነው፤ ሆኖም ባዜቃ በሚሉት ፈሳሽ ብረት ላይ ስለሚንሳፈፍ በአንድ ጣት ይዞራል። ይሄኛውን አላመናችሁኝም፣ አይደል? ሌላውን ሁሉ አምናችሁ እውነተኛውን ጠረጠራችሁ! ይህ መስታወት ማታ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ባሕር ይወረውራል። ቀን ግን ፀሐይ ከውጭ ስትገባበት ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ፀሐይን ሰብስቦ መካከሉ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ያነዳል። ስለዚህ ንጋት ላይ መብራቱን ያጠፋው ጠባቂ፣ ከመውረዱ በፊት መጋረጃውን ዙሪያውን ይጋርዳል። የጠባቂ ልጅ ከ«አባታችን ሆይ» በፊት የሚማረው ይህንን ነው። የዚያን ቀን የንጋቱ ተራ የፕሮስፔር ነበር።

ወጥተን ስናይ መጋረጃው ተከፍቷል!

ፀሐይዋ ወለል ብላ ገብታለች። ክፍሉ እንደ ዳቦ ምድጃ ግሏል። አባቴ አየ፤ ዝም አለ። ፕሮስፔር አየ፤ ዝም አለ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ምንም አያውቅም፣ የቢሮ ሰው ነው፤ «እስቲ አምፖሉን» ብሎ አንገቱን መስታወቱ ውስጥ አስገባ። ያቺ የሣር ባርኔጣ! መጀመሪያ ጨሰች። ቀጥላ ቦግ አለች። ነበልባሉ ጣሪያውን ላሰው! ከዚህ ከወደባችን አጠገብ ያለፉ ዓሣ አጥማጆች ግሉሂ በቀትር በራ ብለው አማትበዋል።

አሁን አባቴን ስሙት። በአንድ ጣቱ መስታወቱን ገፋ፤ ጨረሩን ከሰውዬው አናት ላይ አነሣው። በሌላው እጁ ተቆጣጣሪውን እንደ ዱቄት ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለው። ደረጃውን በአንድ ዝላይ ወረደና የዝናብ ውሃ ጉድጓዳችን ውስጥ ዘቅዝቆ እስከ ወገቡ ነከረው። ውሃው ፈላ። ያን ቀን ሁላችንም በሙቅ ውሃ ታጠብን።

ሰውዬው ከውሃው ሲወጣ ራሰ በራ ሆኖ ነበር፤ ሲገባ ባለ ጠጉር ነበር። አፉ ሲፈታ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መጋረጃውን ያልጋረደው ማነው?»

ሁላችንም ቆመናል። እናቴ እጇ ላይ ሳህን ይዛ ደርቃለች። እነሆ፣ የኛ ጣሪያ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ፕሮስፔር ውሸታም ነው፤ «ባልዶ ነው» ቢል ማን ይመሰክራል? አባቴ ግን ዞሮ አየው። እንዴት ያለ ማየት! ከተወለዱ ጀምሮ ተነጋግረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተናገረው፤

«ንገረው።»

አንዲት ቃል። ፕሮስፔር ግሬጌት እንደ አመድ ነጣ፤ በዓይናችን ፊት አንድ ክንድ ያህል አጠረ።

«እኔ ነኝ ጓድ ተቆጣጣሪ» አለ። «ረሳሁት።»

አለቀ! ከሳምንት በኋላ ግሬጌቶች ዕቃቸውን ጭነው ወረዱ። ዘወር ብሎ ያየ የለም። ፊሎሜና ተራገመች፣ እናቴ ከነወለዱ መለሰችላት። ፔሪና ጀልባዋ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ ነበር። አባቴ የማማው በረንዳ ላይ ወጥቶ እስኪጠፉ ድረስ ዘፈነባቸው፤ ድምፁ ጀልባዋን ገፍቶ ቶሎ አደረሳት። እናቴ መጥረጊያዋን አንሥታ የደቡቡን አፈር፣ የነሱንም የኛንም፣ አንድ ቅንጣት ሳታስቀር ጠርጋ ወደ ቤታችን አሻገረችው። ያንን የኖራ መስመርም እኔ ራሴ በጥርሴ ፍቄ አጠፋሁት። ሞተሩ ተተከለ፣ እኛ ቀረን፣ ታናናሾቼ ሁሉ እዚያ አደጉ። ሰላም የምትለው አንተ፣ እንዲህ ነው የኖርነው! የግሉሂን ድንጋይ ብትጨምቀው የሚወጣው ሐሞት ነው!

ጨረስኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ማለትም ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። አንዱ ሰርዲን የሚያገላብጥ ግን፣ ታላቅን እንደምንጠራው ‹ባርባ› ብሎ፣ ቀደመ፤

«ባርባ ኩዝማ፣ አምና የተቃጠለው የተቆጣጣሪው ጢም ነበር እኮ።»

«ጢሙም ባርኔጣውም ተቃጥሏል! አምና ጊዜ ስላጠረኝ ጢሙን ብቻ ነው ያቃጠልኩት። ዓሣህን አገላብጥ አንተ፣ ከሰል ሆኗል!»

«ካቻምና ደግሞ አባትዎ ሰውዬውን የጣሉት ባሕር ውስጥ ነበር» አለ ሌላው። ሳቁ ተነሣ። ወይኑም ተነሣ። ከበርሜሉ ልወርድ ስል፣ ከፍሙ ማዶ የተቀመጠች አንዲት ሻርፕ ያደረገች ሽበታም ሴት መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገች። ለበዓሉ የመጣች እንግዳ መስላኝ ነበር። መነጽሩን መልሳ ስታደርገው ነው ያወቅኳት። ፔሪና ግሬጌት ናት። ከሄዱ ወዲህ እዚህ አይቻት አላውቅም።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሳቁ ግን ቆመ።

«ኩዝማ» አለች፣ «በዚያ በጋ አንተ ኒሽ ከተማ ወታደር ነበርክ። ግሉሂ ላይ አልነበርክም።»



«መስመር የሚባል ነገር አልነበረም። አፈሩን እናትህና እናቴ ባንዲት ጀልባ ነው ያመጡት። ቡራ ሲበትነው አብረው እየጠረጉ ይሰበስቡታል። ጎመኑንም የምንበላው ካንድ ድስት ነው። እናትህ እትዬ ዶብሪላ ወተት በነጠፈባት ጊዜ ትንሿን እህትህን ያጠባቻት እናቴ ናት።»

«ፔሪና» አልኩ።

«አባቴ የዚያን ቀን ጠዋት መጋረጃውን ጋርዶታል። አብሬው ወጥቼ ስለነበር አውቃለሁ። ተቆጣጣሪው በልቶ ለመውጣት ሲዘጋጅ አባቴ ተመልሶ ሄዶ ከፈተው። ባርኔጣው አልተቃጠለም። ትንሽ ሸተተ ብቻ። ሰውዬው ከሁለቱ ቤት አንዱን የሚያባርርበት ምክንያት ነበር የሚፈልገው፤ አባቴ ሰጠው። እኛ ሪዬካ ከተማ የአክስቴ ቤት ነበረን። እናንተ ምንም አልነበራችሁም። ባርባ ባልዶ ነገሩ ሲገባው ‹እኔ ነኝ› ሊል አፉን ከፈተ፤ አባቴ እግሩን ረገጠው።»

ሻርፗን አስተካከለች፤ ብርድ ነበር።

«ወደ ደሴቱም ቀዝፎ ያደረሰን አባትህ ነው» አለች። «አልዘፈነም።»